ጃንጥላ በዝናብ አይመለስም

ዛሬ ለማላውቃቸው ሰው አለቀስኩ። ለይምሰል እንዳይመስላችሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አፍንጫዬን በጋቢዬ ጫፍ እየጠረግኩ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ "ይብቃዎ አባቴ፣ እግዜር ያጽናዎ" እያለ ክንዴን እስኪይዘኝ ድረስ ነው ያለቀስኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሚዛን የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ቴፒ መናኸሪያ ሲያወርደኝ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ቀና ስል ድንኳን አየሁ። በሩ ላይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ቆመዋል። እንግዲህ ለቅሶ ለመድረስ የመጣ ሽማግሌ ከዚህ በላይ ምን ምልክት ይፈልጋል? ጃንጥላውን አጥፌ ከምሰሶው አስደገፍኩና "ወይኔ ልጄን!" ብዬ ገባሁ። ሰው ብድግ ብድግ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ንፍሮ ሰጡኝ፣ በላሁ። ሻይ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ። ሆዴ ሲሞላ ኀዘኔም ጉልበት አገኘ፤ እንደገና አለቀስኩ። ሲቀለኝ ጊዜ ወደ ጎልማሳው ዞር ብዬ፣

"ሳቋ እኮ ነው የሚታየኝ" አልኩት። "እስክሪብቶዋን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ፣ ያንን ሳቋን ስትለቀው..."

ጎልማሳው ግራና ቀኙን አየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"አባቴ፣ የሞቱት አቶ ወልዴ ናቸው። የሚስቴ አባት። ፂማቸው እስከዚህ ይደርስ ነበር" ብሎ ደረቱን አሳየኝ።

መሬት አልተከፈተችልኝም እንጂ እገባባት ነበር። የመጣሁት ለዓለምነሽ፣ ለኔትወርክ ባለሙያዋ መሆኑን በሹክሹክታ ነገርኩት።

"የእትዬ አበበች ልጅ? የእሷማ ድንኳን ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሻይ ቤቱ ጋ ነው።"

"ልጄ፣ ይቅር በለኝ..."

"ኧረ ምን በወጣዎት! እውነቱን ልንገርዎ? እንደ እርስዎ አድርጎ ያለቀሰላቸው ሰው እስካሁን አልመጣም።"

አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ጥቂት እንደ ሄድኩ መላጣዬ ላይ የሚወርደው ዝናብ አስታወሰኝ፤ ጃንጥላውን ከአቶ ወልዴ ምሰሶ ላይ ትቼዋለሁ። ለራሴ ብዬ አይደለም የደነገጥኩት። ጃንጥላው የዓለምነሽ ነው። ካዋሰችኝ ዓመታት አልፈዋል፤ በቁሟ ሳልመልስላት ቀረሁ፤ ዛሬ ቢያንስ ለእናቷ አስረክቤ ልገላገል ብዬ ነበር ይዤው የመጣሁት። ተመልሼ እንዳልገባ ደግሞ፣ ሁለተኛ ስገባ ሁለተኛ ማልቀስ ሊኖርብኝ ነው፤ አቶ ወልዴ እንደሆኑ የድርሻቸውን ወስደዋል።

መንገዱ መሀል ቆሜ እየበሰበስኩ፣ ዓለምነሽ ብታየኝ ምን እንደምትል አውቅ ነበር። ሦስቱን ጥያቄዎቿን ትደረድርልኛለች፦ "ከማን? ወደ ማን? በማን ስም?" ሦስቱንም ወድቄያለሁ። ከማን እንደመጣሁ ሳልናገር፣ ወደማይሆን ሰው ገብቼ፣ በሌላ ሰው ስም ንፍሮ በልቻለሁ።

ከዓለምነሽ ጋር የተዋወቅነው በእኔ ሞኝነት ነው። ሚዛን ውስጥ የቡና ገበሬዎች ማኅበራት በጋራ በሚሠሩበት አንድ ድርጅት የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ነበርኩ። መጥረጊያው፣ የሽንት ቤቱ ውኃ፣ የጥበቃው ካፖርት በእኔ ሥር ነው። ኢንተርኔት የሚባል ነገር ሲመጣ "ማን ይያዘው?" ተባለ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ደምሴ ስብሰባ ላይ፣ "ታደሰ አምፑል ይቀይር የለ? እሱ ይያዘው" አሉ። በጭብጨባ ጸደቀ።

እኔም አደራ ነው ብዬ ያዝኩት። ኢንተርኔቱ የሚመጣበት ሳጥን እንዳይሰረቅ ብዬ ብረት አስበይጄ እንደ ዶሮ ቆጥ ያለ ቤት ሠራሁለትና ቁልፍ አንጠለጠልኩበት። ጣሪያችን ስለሚያፈስ ደግሞ በላስቲክ ጠቀለልኩት። ሳጥኑ መጋል ጀመረ። ኢንተርኔቱም ጠዋት መጥቶ ቀትር ላይ ይሄዳል። ባለሙያ ይጠራ ተባለ።

መጣች። ግዙፍ ሴት ናት፤ ጃንጥላዋ ከእሷም ይበልጣል። ጥቁር ነው፤ አንዱ ክፍሉ ግን ተቀዶ በቀይ ጨርቅ ተጥፏል፤ ከሩቅ ቁስል ይመስላል። ፀጉሯ ውስጥ እስክሪብቶ ተሰክቷል፤ ያንን ረስታ ሌላ ትሰካለች፤ ሁለቱንም ረስታ ከሰው ትለምናለች። የብረቱን ቤት ዞራ አየችው።

"ይህን ያሰረው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ምን አጥፍቶ?"

"እንዳይጠፋ ነው..."

"ልብስም አልብሰውታል! ጋሽ ታደሰ፣ ይኼ ሳጥን እኮ ያተኩሰዋል። የታመመን ሰው በላስቲክ ነው እንዴ የምትሸፍኑት እዚህ አገር?"

ሥራ ግን አልጀመረችም። መጀመሪያ ይበላል። "በባዶ ሆድ የተሠራ ኔትወርክ ቶሎ ይርበዋል" ትላለች። የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ አስመጣን። ጫማዋን አውልቃ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጣ እየበላች፣ ሳጥኑ ምን እንደሚሠራ አስረዳችኝ። እኔ አልጠየቅኳትም፤ መጠየቅ እንዳለብኝም አላውቅም ነበር።

"እናቴ ቴፒ መናኸሪያ ጀርባ ሻይ ቤት አላት" አለችኝ። "የሰፈራችን ቤቶች ቁጥር የላቸውም። ስለዚህ ከጅማም ከሌላም ዕቃ የሚያስመጣ ሁሉ አድራሻው 'እትዬ አበበች ሻይ ቤት' ነው። ሰፈሩ ሙሉ ሰው፣ ከውጭ ሲታይ አንድ እናቴ ነው። ዕቃው ሲመጣ እናቴ ማን ምን እንዳዘዘ ታውቃለች፤ ለየባለቤቱ ትሰጣለች። ማንም ያላዘዘው ነገር ከመጣ ደግሞ ሾፌሩን ታፋጥጠዋለች፤ ከማን? ወደ ማን? በማን ስም? እዚህ ቢሮ ያሉት ኮምፒውተሮችም ቁጥር እንደሌላቸው ቤቶች ናቸው። ውጭው የሚያውቀው አንድ ስም ብቻ ነው። ስሙን የሚቀይረው፣ መልሱንም ለየባለቤቱ የሚያድለው ይኼ ሳጥን ነው። እኛ ሙያተኞቹ በፈረንጅ አፍ 'ናት' እንለዋለን፤ እርስዎ እናቴ ነው ብለው ይያዙት።"

"እናትሽን ነው በብረት ያሰርኳቸው?"

"አዎ። ይቅርታ ይጠይቋቸው።"

ምን ልበላችሁ፣ ተነሥቼ ለሳጥኑ እጅ ነሣሁ። ያን ሳቋን ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የሰማሁት። ከሆዷ ተነሥቶ፣ ትከሻዋን አንቀጥቅጦ፣ እስክሪብቶዎቹን መሬት የሚጥል ሳቅ ነው።

ትሑት አልነበረችም፤ ሞታለች ብዬ አልዋሽላትም። "በዚህ አገር በዚህ ሥራ ከእኔ የሚበልጥ ካለ አምጡትና ምሳ ልጋብዘው" ትል ነበር። ሥራዋ ሲሳካ ለራሷ ታጨበጭባለች። "ምንም አልነካሁም" የሚል ሰው ሲገጥማት ደግሞ ዓይኗን አጥብባ፣ "ሽቦ ዋሽቶ አያውቅም" ብላ ዝም ትላለች። ዝምታዋ እስኪያናዝዝ ድረስ ይጫናል። እኔን አናዞኛል፤ አንድ ጊዜ መጥረጊያ ለመስቀል ስል ገመድ ነቅዬ ነበር።

የማልረሳት ግን በአንድ ቀን ምክንያት ነው።

አሮጌው ሳጥን በአለባበሱ ምክንያት ተቃጥሎ አረፈ። ድርጅቱ ፋየርዎል የሚባል፣ እንደ በር ጠባቂ ገቢ ወጪውን የሚፈትሽ አዲስ ሳጥን ገዛ። ዓለምነሽ መጥታ ተከለችው። ሲመሽ አካባቢ መንገድ ላይ ወጥታ በስልኳ ሞከረች፤ በኢንተርኔት የሚሠራው የቡና መመዝገቢያችን ተከፈተ። ቴፒ ያለው ቅርንጫፋችን ደወለ፤ "ተከፍቷል" አሉ። ለራሷ አጨበጨበች፣ ጎደሬዋን በላች፣ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ገብተን ኮምፒውተር ከፈትን። መመዝገቢያው አይከፈትም።

ነገሩ ምን ያህል አናዳጅ እንደሆነ ይግባችሁ። መመዝገቢያው ያለበት ትልቁ ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ከእኛው ግድግዳ ወዲያ ማዶ ነው። ቴፒ ያሉት ያዩታል። መንገድ ላይ የቆመ ሰው በስልኩ ያየዋል። ግድግዳ የምንጋራው እኛ ግን አናየውም። ስለዚህ ምን አደረግን? ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ከግቢው ወጣ። ግቢ ውስጥ ያለውን ለማየት ከግቢ ወጥተን፣ በካፊያ ተደርድረን፣ አንገታችንን ስልካችን ላይ ደፍተን ቆምን።

ሚዛን ውስጥ ሰው አንገቱን ደፍቶ በዝናብ በር ላይ ተሰብስቦ ሲታይ ትርጉሙ አንድ ነው። አንዲት የሰፈር ሴትዮ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ።

"ማን ነው? ማን ነው?"

ገንዘብ ያዣችን ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ፣ "ሰርቨሩ ነው እትዬ። ከጠዋት ጀምሮ አልነሳ አለን" አለቻቸው።

"ወይኔ! ትናንት ደኅና አልነበረም?"

"ትናንትማ ደኅና ነበር።"

"እንዲህ ነው ድንገት የሚወስደው!" ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ሰዎች የእድር አግዳሚ ወንበር ተሸክመው መጡ። አቶ ደምሴ ብቅ ሲሉ ግማሹ ሠራተኛቸው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያጽናናል፣ ይጽናናል።

ሳቁ እዚያ ላይ ነው የተቆረጠው፤ ምክንያቱም የጭነት መኪናው መጣ። ከቴፒ ገጠር ነው፤ እስከ አፉ የደረቀ ቡና ጭኗል፤ ሸራው መሀሉ ላይ ተቀዷል። ቡና ጭኖ የመጣ መኪና ደግሞ ከመመዝገቢያው የማራገፊያ ወረቀት ካልታተመለት አንድ ጆንያ አያወርድም። ይህን መመሪያ ያወጡት ራሳቸው አቶ ደምሴ ናቸው። ስልክ ያያል እንጂ ወረቀቱን አያትምም፤ ማተሚያው ውስጥ ነው። ሰማዩ በማጂ በኩል ጠቁሯል።

"ጌታዬ፣ ይራገፍና ወረቀቱ በኋላ ይምጣ" አለ ሾፌሩ። "ይኼ ቡና ረጥቦ ከሻገተ ማን ይገዛዋል? ቡና የጫንኩ እንዳይመስልዎት፤ የሰው ዓመት ነው የጫንኩት።"

"ያወጣሁትን መመሪያ እኔው ልሻረው?" አሉ አቶ ደምሴ። ድምፃቸው ግን እንደ ቃላቸው አልጠነከረም።

ዓለምነሽ በባጃጅ ደረሰች። አግዳሚውን፣ ለቀስተኛውን፣ መኪናውን፣ ሰማዩን አየች። ትልቁን ጃንጥላዋን ለሾፌሩ ወረወረችለት። "ቀዳዳው ላይ ተቀመጥ" አለችው። ወጥቶ ጆንያው ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ እንደ ንጉሥ ተሰየመ።

"ስሚ" አሉ አቶ ደምሴ። "ያ ዝናብ ሳይደርስ ካልተከፈተ ሳጥንሽን ነቅዬ አሮጌውን እመልሳለሁ። አንቺንም ከዛሬ ወዲያ አላውቅሽም።"

"አሮጌው የት አለ?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጣሪያ ጣሪያ አየሁ።

ገብታ የሳጥኑን መዝገብ ስክሪኑ ላይ ከፈተች። ፊቷ ላይ ሳቅ የለም። "ጥያቄው ይደርሳል" አለች ለራሷ። "ሳጥኑ ተቀብሎ ወደ ሰርቨሩ ያዞረዋል። ግን መልሱ በሳጥኑ በኩል አያልፍም። ያላለፈ መልስ የት ገባ?" ገመድ ነካች፣ ተወችው። አንድ እስክሪብቶ ሰካች፣ ሌላ ሰካች። ውጭ ካፊያው ወፈረ። ሾፌሩ ከላይ "ኧረ ፍጠኑ!" እያለ ይጮኻል። የሚጮኸው ለቡናው ነው፤ እኔ ግን ለእሷ ነበር የፈራሁት። ያቺ የማትፈራ ሴት ያንኑ መዝገብ ደግማ ደጋግማ ታገላብጣለች።

ድንገት ከወንበሯ ተነሣች። "ማሽን ሲያስቸግር ሰው አሰልፍ" የምትለው አሠራር ነበራት፤ እስከዚያ ቀን ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ጥበቃችንን ሸምሱን ጠራችው። ሸምሱ ከጅማ በኩል የመጣ፣ በሩን ከመስጊድ ቀጥሎ የሚያከብር ሰው ነው።

"ሸምሱ፣ አንተ ፋየርዎሉ ነህ። ደፍ ላይ ቁም። በአንተ በኩል ሳያልፍ ምንም ነገር አይገባም፣ አይወጣም። አቶ ደምሴ፣ እርስዎ ሰርቨሩ ነዎት፤ እዚህ ጥግ ይቀመጡ። ጥያቄ ሲመጣልዎት፣ ላኪው ማን እንደሆነ ጠይቀው ለዚያው ሰው ይመልሱ። ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ የቢሮ ኮምፒውተር ነዎት፤ ከአቶ ደምሴ አጠገብ።"

"እኔ ሥራ አስኪያጅ ነኝ!" አሉ አቶ ደምሴ።

"ሰርቨርም ያው ነው፤ ጥግ ተቀምጦ ሁሉም ይጠይቀዋል" አለቻቸው። ተቀመጡ።

መጀመሪያ ገንዘብ ያዣዋ ቴፒን ሆነች፤ ባርኔጣዬን እንደ ጥያቄ ይዛ ከውጭ መጣች። ሸምሱ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።

"ከማን?"

"ከቴፒ።"

"ወደ ማን?"

"ወደ ድርጅቱ የውጭ ስም።"

ሸምሱ ባርኔጣውን ተቀብሎ ለአቶ ደምሴ ሰጠ። "ከቴፒ ነው" አላቸው። አቶ ደምሴ ቴፒን ቢፈልጉ በአካባቢው የለችም፤ ከበር ውጭ ናት፤ ስለዚህ ለሸምሱ መለሱለት፤ ሸምሱ በድርጅቱ ስም ለቴፒ መለሰ። አልተበላሸም።

"አሁን እርስዎ" አለችኝ። "መልሱን የሚቀበሉት ጥያቄውን ከተቀበለዎት ሰው እጅ ብቻ ነው። ከሌላ እጅ ከመጣ፣ ወርቅ ቢሆን አይቀበሉም። ኮምፒውተር ግትር ነው፤ ለእርስዎ አይከብድም።"

ባርኔጣዬን ይዤ ወደ ሸምሱ ሄድኩ። ወደ ማን ሲለኝ፣ እንደ ልማዳችን በውጭው ስም ጠራሁ። አሮጌው ሳጥን ሳይነገረው እያዞረ ለምዶብን፣ እኛም ጎረቤታችንን በውጭ ስሙ መጥራት ለምደን ነበር። ሸምሱ ባርኔጣውን አዞረና ለአቶ ደምሴ ሰጠ።

"ከማን ነው?" አሉ አቶ ደምሴ።

"ከታደሰ።"

አቶ ደምሴ ቀና ሲሉ ታደሰ አፍንጫቸው ሥር ነው። ሸምሱን ምን ያደርጉታል? እጃቸውን ዘርግተው፣ "እንካ" አሉኝ።

እኔም ትእዛዝ ትእዛዝ ነው ብዬ እጄን ከኋላ አጣመርኩ። "ይቅርታ አቶ ደምሴ፣ እኔ ለእርስዎ አልሰጠሁም። የሰጠሁት ለሸምሱ ነው። የእሱን መልስ ነው የምጠብቀው።"

"ባርኔጣህ እኮ ነው!"

"ቢሆንም።"

"አንተ ሰው፣ ባርኔጣህን ተቀበለኝ!"

"አላውቅዎትም" አልኳቸው። ሃያ ምናምን ዓመት አብረን ሠርተን፣ ይህን ቃል ፊት ለፊት ስናገር የተሰማኝን ደስታ አልደብቃችሁም።

ዓለምነሽ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ባርኔጣውን ታያለች፤ በአቶ ደምሴ እጅ ላይ፣ በአየር ላይ ቀርቷል። ከዚያ ሳቋ መጣ። እስክሪብቶዎቹ መሬት ላይ ተበተኑ።

"በሳጥኑ አላለፈም ብዬ የምፈልገው መልስ ይኸው! በአጥር ላይ ነው የተሰጠው!" አለች። "ሰርቨሩ ጠያቂው ጎረቤቱ መሆኑን ሲያይ በቀጥታ ይመልስለታል። ጠያቂው ደግሞ መልስ የሚጠብቀው ከሳጥኑ ነው፤ ከጎረቤት የመጣውን አላውቅህም ብሎ ይጥለዋል። እኔ ደግሞ ትናንት ከውጭ ብቻ ሞክሬ ሄድኩ። ከውስጥ አልሞከርኩም። ጎበዝ ሰው ሲሳሳት እንዲህ ነው!"

"ታዲያ ምን ይሁን?" አሉ አቶ ደምሴ፤ ባርኔጣዬ አሁንም እጃቸው ላይ ነው።

"ሸምሱ፣ ድጋሚ። አሁን ግን ከማን ሲሉህ፣ ከታደሰ እንዳትል። 'ከእኔ' በላቸው። የታደሰን ነገር በሆድህ ያዝ።"

ደገምነው። "ከማን?" "ከእኔ፣ ከሸምሱ።" አቶ ደምሴ ለሸምሱ መለሱ። ሸምሱ በሆዱ የያዘውን አስታውሶ ለእኔ ሰጠኝ። ባርኔጣዬን አጠለቅኩ። ሠራተኛው ሁሉ አጨበጨበ፤ እድርተኞቹም ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አጨበጨቡ።

እሷ ግን ቁልፎቹን መምታት ጀምራ ነበር። ለሳጥኑ አንዲት ትእዛዝ ጨመረችለት፤ ከውስጥ ተጠርቶ ወደ ውስጥ የሚዞር ጥያቄ በሳጥኑ በራሱ ስም ይግባ አለችው። "ይሞክሩ" አለችኝ። ቁልፉን ነካሁ። ተከፈተ። ወረቀቱ ከማተሚያው ሲወጣ አቶ ደምሴ ራሳቸው ይዘውት ሮጡ፤ ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ዕለት ብቻ ነው። የመጨረሻዎቹ ጆንያዎች ሲወርዱ ትልቁ ዝናብ ደረሰ። ጥቂቶቹ ጫፋቸው ረጠበ፤ ሌላው ደርቆ ገባ። ሾፌሩ ከመኪናው ላይ ወርዶ የዓለምነሽን እጅ ሳመ፤ ጃንጥላዋን በሁለት እጁ አስረከባት።

አቶ ደምሴ ጎደሬ እንዲመጣላት አዘዙ። ሸምሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ሥራ አስኪያጁን "ከማን? ወደ ማን?" እያለ ማስቆም ለመደ፤ እሳቸውም ተገትረው ይመልሱ ነበር።

ወደ ቤቴ፣ ወደ አማን፣ የምሄድበት ሰዓት ሲደርስ ዝናቡ አላባራም። ዓለምነሽ ባጃጅ ጠርታለች። ጃንጥላዋን እጄ ላይ አደረገችው።

"ይውሰዱት። ግን በዝናብ እንዳይመልሱልኝ። የእናቴ ደንብ ነው፤ ጃንጥላ በዝናብ አይመለስም። በዝናብ የመለሰ ሰው እየረጠበ ይሄዳል፤ ያ ዕዳ መክፈል ሳይሆን ቅጣት ነው። ፀሐይ ሲወጣ ያምጡልኝ።"

ሚዛን ውስጥ ፀሐይ ሲወጣ! እናንተ የዚህ አገር ሰዎች ከሆናችሁ ስቃችኋል።

ብዙም ሳትቆይ ሥራ አግኝታ ጅማ ሄደች። እኔም ጡረታ ወጣሁ። አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። ሰላምታም የላት፤ "ጋሽ ታደሰ፣ ፀሐይ ወጣ?" ትለኛለች። "ኧረ አልወጣም ልጄ፣ እየዘነበ ነው" እላታለሁ። "እንግዲያው ይያዙት" ትልና ስለ ሥራዋ፣ ስለ ጉራዋ፣ ስለበላችው ነገር ታወራኛለች። እውነቱን ለመናገር፣ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ መላጣዬ በፀሐይ እየተጠበሰ "ይዘንባል" ያልኳት ቀን ብዙ ነው። ጃንጥላው ከተመለሰ በምን ሰበብ ትደውልልኛለች?

ሰሞኑን ስልኬ ጮኸ። ሸምሱ ነው። እንደ ልማዳችን፣ "ከማን?" አልኩት። መልሱን ሳልጠብቅ "ከማን፣ ወደ ማን?" አልኩት እየሳቅኩ። "ጋሼ" አለኝ፣ "ዓለምነሽ አረፈች። ድንገት ነው አሉ። ቴፒ ተቀብራለች።"

እናም ይኸው፣ ዛሬ ሄጄ ለአቶ ወልዴ አለቀስኩ።

መንገዱ ጠፍቶኝ ዞሬ ዞሬ ትክክለኛው ድንኳን ስደርስ ልብሴ ከገላዬ ተጣብቋል፣ እጄ ባዶ ነው፣ ዕንባዬም አልቋል። ሻይ ቤቱ በር ላይ ተዘርግቷል። እትዬ አበበች ጥግ ተቀምጠዋል፤ የልጃቸውን ትከሻ በእሳቸው ላይ አየሁት። አንገቴን ደፍቼ "እግዚአብሔር ያጽናዎ" ልል ስል፣ ዓይኔ ሌላ ነገር ላይ አረፈ። ከጎናቸው፣ ግድግዳው ላይ፣ ቀይ ጣፍ ያለው ጥቁር ጃንጥላ ተደግፏል።

ወዴት እንደማይ አይተዋል።

"የአቶ ወልዴ አማች ነው ያመጣው" አሉኝ። "አንድ ሽማግሌ ረስተውት ሄዱ አለኝ። ቴፒ ውስጥ ባለቤት ያጣ ነገር ሁሉ መጨረሻው እኔ ጋ ነው።" ከዚያ ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ፤ ያ አስተያየት ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ። "ከማን ነው?"

"ከእኔ።"

"ወደ ማን?"

"ወደ... ዓለምነሽ" አልኩ። ዕንባዬ አላለቀም ነበር ለካ።

ሦስተኛውን አልጠየቁኝም። ጣፉን በጣታቸው ዳሰሱት። "የጣፍኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ታደሰ እርስዎ ነዎት? ፀሐይ አልወጣም የሚሏት?"

"እኔ ነኝ።"

"ታውቅ ነበር እኮ። ሸምሱ ጋ ትደውላለች፤ ሚዛን ዛሬ ጠራራ ነው ይላታል። ከዚያ እርስዎ ጋ ትደውላለች። 'እማዬ፣ ሽማግሌው ዛሬም ዋሸኝ' ትለኝና ትስቅ ነበር። ያንን ሳቋን ያውቁታል?"

"አውቀዋለሁ።"

ጃንጥላውን አንሥቼ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። እሳቸው ወደ ድንኳኑ ጣሪያ ቀና አሉ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል።

"ይሰሙታል?" አሉኝ። "ይያዙት። በዝናብ አይመለስም።"

"እትዬ አበበች፣ ለመመለስ ብዬ ነው የመጣሁት..."

"እኔ እደውልልዎታለሁ። ፀሐይ ወጣ ወይ ብዬ እጠይቅዎታለሁ።"

"እውነቱን እነግርዎታለሁ" አልኳቸው።

"አይንገሩኝ" አሉ።

አሁን ቤቴ ነኝ። ጃንጥላው በር ጥግ ተዘርግቶ ይንጠባጠባል። ለአቶ ወልዴ ቤት ያለብኝን ንፍሮ እንኳ ለነፍሳቸው ይቁጠሩልኝ፤ እንደሚገባቸው አልቅሼላቸዋለሁ። የእትዬ አበበች አንድ ጃንጥላ ግን አለብኝ። ውጭ ደመናው ገፈፍ ብሎ ከአማን በላይ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኗል።

እኔ ግን ልንገራችሁ፣ እየዘነበ ነው።